የራዳር ጆሮ

አዋላጇን በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ከበር ዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሁሉም "ራዳር" ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው፤ ለሽሙጥ አይደለም፣ ከልባቸው ተደንቀው ነው። አራት ሴቶች ባንዴ ሲያምጡ፣ የብረት ሳህን ሲንኳኳ፣ የጋሪው ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ሌላው ሰው አጠገቡ የቆመው የሚለው ሲጠፋበት፣ እሷ ከወዲያኛው ጥግ የተባለውን ሰምታ መልስ ትሰጣለች። አንድ ቀን ሁለት ነርሶች ጫጫታውን ተማምነው ሲያሟት፣ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ሆና፣ "ኧረ ጫማዬን ተዉት፣ ተመችቶኝ ነው" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ሐሜት ቀረ፤ ቢያንስ ክፍሉ ሞልቶ ሲንጫጫ ቀረ።

የጆሮዋ ዝና ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በዚያ ክፍል የፅንስ ልብ የሚደመጠው ፌቶስኮፕ በሚሉት የእንጨት ማዳመጫ ነው። ሰፊው አፉ እናቲቱ ሆድ ላይ ያርፋል፣ ጠባቡ ላይ ጆሮ ይለጠፋል፣ እጅ ከእንጨቱ ላይ ይነሳል። ከዚያ አድማጯ የሰማችውን ምት በጣቷ የአልጋው ብረት ላይ ጠብ ጠብ እያደረገች ታሳያለች፤ ሁለተኛዋ አዋላጅ ደግሞ ሰዓቷን እያየች ጣቱን ትቆጥራለች። ጣቱ ከፈጠነ ልጁ ደህና ነው። ጣቱ ከዘገየ ሩጫ ነው። ይህን አሠራር ክፍሉ ውስጥ ያስለመደችው ራዳር ራሷ ናት፤ ጣቷ ሲመታ ማየት ብቻ ለእናቶቹም ለባልደረቦቿም እፎይታ ነበር።

ሆስፒታሉ ለየክፍሉ የኤሌክትሪክ ማዳመጫ ያደለ ጊዜ፣ የእነሱ ድርሻ ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ያስገባችው እሷ ናት። እኔ እያለሁ ሳጥን ምን ይሠራል ብላ ስቃ፣ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እንደዚያ ያለ ኩራት ያምርባት ነበር።

ያን ሰሞን ግን ከኩራቷ ስር አንድ ነገር ይበላት ጀምሯል። የሚበላትም በየጠዋቱ የምታያት ሴት ናት፤ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ። አጣቢዋ ባለፈው ክረምት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት ልትወልድ መጣች። ተረኛዋ ራዳር ብቻ ነበረች። አዳመጠች፣ ልቡ ይመታል አለቻት፣ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ሐኪሞቹ እንዲህ ዓይነቱ ያጋጥማል አሉ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ራዳር ሕፃኑን አጥባ፣ ጠቅልላ፣ እናቱ እንድትታቀፈው ሰጠቻት፤ እስኪመሽም አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አጣቢዋ የራዳርን ጋውን ከሌላው ለይታ ታጥባለች። ተኩሳ፣ አጥፋ፣ ትኩስ እንደሆነ ራሷ ይዛላት ትመጣለች፤ ሲስተር፣ ያን ቀን እርስዎ ባይኖሩ አብጄ ነበር ትላታለች። ራዳር መጀመሪያ ላይ ደስ እያላት ነበር የምትቀበለው። ኋላ ኋላ ግን ዓይኗን ሳታይ መቀበል ጀመረች።

ምክንያቱም ቤት ውስጥ ራዳር ሌላ ሴት ነበረች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ሳሎኑ መስኮት ስር ተክሎ እዚያው ይውላል። መኪናው ሲንጣጣ ከበላዩ ጮክ ብሎ የሚነግራትን ሁሉ ትሰማለች፣ ትመልሳለች፣ ትቀልዳለች። መኪናውን አቁሞ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ድምፁን አለስልሶ የሆዱን ሲያጫውታት ግን ግድግዳውን እያየች ዝም። ሰውየው ይህን ነገር ደጋግሞ ካየ በኋላ የማይነቃነቅ ፍርድ ሰጠ፦ ስትፈልጊ ትሰሚያለሽ። እሷም የራሷን ፍርድ ሰጠች፤ ሰውየው ማጉተምተም አምጥቷል። አፍህን ከፍተህ አውራ፣ ጥርስህን የሚቆጥርብህ የለም ትለዋለች። ይህን ስትለው ደግሞ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ይላል፤ ምን ይሁን ብለሽ ነው በገዛ ቤትሽ የምታንሾካሹኪው ብሎ ይጨምርባታል። እንዲህ እየተባባሉ አንዳንድ ቀን ተኳርፈው ያድሩ ነበር።

ጓዳ በኩል ባለው ክፍል እናቷ አለች። እናቷ የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ አትሰማም። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ሦስት ልጅ ስትወልድ በየወሊዱ ትንሽ ትንሽ እየሄደ፣ በሦስተኛው አለቀ። ሰፈሩ ኮራች አላት። አባትየው እስኪሞት ድረስ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች እያለ ተበሳጭቶ ኖረ። ሴትዮዋ ጮሃ እንኳ አታወራም ነበር፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ልስልስ ያለ ነው፤ ደንቆሮ ሰው ይጮሃል ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይህ የኩራቷ ማስረጃ ሆነ። ራዳር በልጅነቷ ገበያ መሀል እናቷ ጆሮ ላይ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ስለዚህ በራሷ ላይ የመጣውን ነገር ሽታው ሲደርሳት፣ መጀመሪያ ለራሷ የነገረችው አንድ ነገር ነው። እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም።

ታናሽ እህቷ አስተማሪ ናት፤ ያን ሰሞን የመጨረሻው ወር ውስጥ ገብታለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ባዶ እጇን አስቀርቷታል፤ እዚያ የሚሰማኝ ሰው አጣሁ እያለች ስታለቅስ ነው የኖረችው። ለዚህኛው ቃል አስገብታለች፦ ከአንቺ ጆሮ በቀር ማንም አይጠጋውም። ራዳርም ቃሏን ሰጥታለች። የእህቷ ልጅ ሕይወት በራዳር ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያን የምታውቀው ደግሞ ራዳር ብቻ ናት።

አንድ ቀን በምርመራ ክፍሉ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ማዳመጫውን ለጥፋ ምንም አልሰማችም። ጠበቅ አድርጋ ተጫነች። ጉንጯ ላይ ትር ትር የሚል ነገር መጣላት። ጣቷ ከልማዱ የተነሳ እሱን ተከትሎ መምታት ጀመረ፤ ግን ይሄ የሰማሁት ነው ወይስ በቆዳዬ ያወቅኩት ብላ ራሷን ጠየቀች። ሴትየዋን ወደሌላ አዋላጅ ላከቻትና ወጥታ የደረጃው መወጣጫ ላይ ተቀመጠች። አጣቢዋ ትዝ አለቻት።

ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ፣ ማንም የማያውቃት ክሊኒክ ሄደች። ሥራዋን ሲጠይቋት ቢሮ ነው አለች። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ ከቁም ሣጥን ብዙም የማይሰፋ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አጥልቀው፣ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ አሏት። በመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ባለሙያ ማሽኑን ባስነካ ቁጥር እጁን እያየች ትጫናለች። አንድ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረገች፤ ሰውየው ቀና ብሎ አያት፣ ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ሰጣት። ከዚያ በኋላ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደደረቀ ብዙ ተቀመጠች። እንደዚያ ዓይነት ፍርሃት በማዋለጃ ክፍሉ ክፉ ሌሊት እንኳ አላወቀችም።

የጆሮ ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በየኪሷ የምትፈልግ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ሁለት ጣት ያለው ሹካ መሳይ ብረት ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ራዳር ጆሮ አጠገብ ያዘችው፤ ድምፁ ከሩቅ የመጣ ያህል ነው። እንደገና መታችና የብረቱን እግር ከጆሮዋ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አሳረፈችው። ይሄኔ ጭንቅላቷ በሙሉ ጮኸ። የቱ ይጎላል አለቻት፤ አጥንቱ አለች። በጤነኛ ጆሮ ተቃራኒው እንደሆነ ሐኪሟ ነገረቻትና መነጽሯን ፈልጋ አጥታ፣ ያለ መነጽር ወረቀት ላይ ሥዕል ጀመረች።

ከታምቡሩ ጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው አሉ፤ የመጨረሻዋ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ርካብ የምትመስል ናት። ድምፅ ሲመጣ እሷ ትንቀጠቀጥና ወደ ውስጥ ታሳልፈዋለች። የእርስዎ ዙሪያዋ አጥንት በቅሎባት ተጣብቃለች አለች ሐኪሟ። ቀለም ሲቀባ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልከፈት የሚል መስኮት አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነው። ነርቩ ደህና ነው፤ ድምፁ ደጅ ቆሞ ቀርቶ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ሰው አለ። በአጥንት በኩል ስንልከው መስኮቱን አልፎ ይገባል፤ የገዛ ድምፅዎም በአጥንት እየገባ ስለሚጎላብዎት ሳያውቁት ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

ራዳር ታዲያ ጫጫታ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የምሰማው ለምንድነው ብላ ተከራከረች። ሐኪሟ ይህ ጥያቄ ደስ አላት። ሰው ጫጫታ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሌላውን የሚረብሸው ጉምጉምታ ደግሞ እርስዎ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ የጎላው ንግግር ጠርቶ ይመጣልዎታል። የዚህ በሽታ መልኩ ይሄ ነው። ሰዉ ደህና ትሰማለች ብሎ የሚፈርድብዎት ጫጫታ ውስጥ አይቶ ነው፤ የሚጠፋብዎት ጸጥታ ውስጥ የሚነገረው ነው። ራዳር የባሏ የስፌት መኪና ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ የዚያ እሁድ ባዶ ክፍል ትዝ አላትና ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

"ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል። ሴቶች ላይ ደግሞ ከወሊድ ጋር ይብሳል። እናትዎ ለምሳሌ?"

"እናቴ ደህና ነች" አለች ራዳር።

ሐኪሟ ሕክምናውን ነገረቻት። አንደኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ የተጣበቀችውን ርካብ አንስቶ በምትኳ ከክር የማትወፍር ዘንግ መትከል። አብዛኛው ሰው ይሻለዋል፤ ጥቂት ሰው ግን ያንን ጆሮ ጨርሶ ያጣል፤ ለጥቂት ቀን ማዞርም አለው፤ ስለዚህ አንድ ጆሮ ብቻ ነው መጀመሪያ የሚነካው። ሁለተኛው የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ ለእንደርስዎ ዓይነቱ ጆሮ ጥሩ ይሠራል፣ ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን አለቻት። ራዳር አመስግና ተነሳች። አሁን ብትጀምር መሣሪያው ጆሮዋ ላይ ይታያል፤ ከታየ ከማዳመጥ ያነሷታል፤ ካነሷት እህቷ በማታውቀው ሰው እጅ ትወድቃለች። እህቴ ትገላገል፣ ከዚያ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ለእህቷ የቆመች መስሏት ነበር፤ የቆመችው ግን ለስሟ ነበር።

የእህቷ ምጥ የጀመረው ክፍሉ ጭር ባለበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ወላድ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ የጋሪ ጎማ የለም። ራዳር ይህን ባየች ጊዜ እባካችሁ አንዲት የምትጮህ ሴት አምጡልኝ ልትል ምንም አልቀራትም። እህቷ ግን ጸጥታውን ወዳው፣ ጋደም ብላ፣ አሁን እንግዲህ ያንቺ ሥራ ነው የሚል ፊት አሳየቻት።

አብራት ተረኛ የነበረችው ረጅሟ ናት፤ ከቁመቷ የተነሳ የአምፖል መሰላል እያሉ የሚቀልዱባት፣ ንግግር የማታበዛ አዋላጅ። ሰዓት የምትይዘው እሷ ነበረች። አንድ ልማድ አላት፤ ወላዷን ለማጽናናት የእጇን አንጓ ትይዛለች፣ እስኪያልቅም አትለቅም። ያን ቀንም በአንድ እጇ የእህትየዋን አንጓ ይዛ፣ በሌላው ሰዓቷን ዘርግታ ቆመች።

ራዳር ማዳመጫውን አሳርፋ ጆሮዋን ለጠፈች። ጸጥ። ጠበቅ አደረገችው። ጉንጯ ላይ ያ ትር ትር መጣ፤ ፈጠን ያለ ነው። ጣቷ የአልጋውን ብረት መምታት ጀመረ። ጠብ ጠብ ጠብ። እህቷ ጣቱን አይታ ፈገግ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ጥሩ ነው፣ ልጁ ፈጣን ነው ብላ ራዳር ራሷን አሳመነች። ምጥ የያዛት፣ የፈራች እናት ልብም እንደሚሮጥ የማያውቅ አዋላጅ የለም። ስለዚህ ነው ሁለቱ የሚምታቱት፤ ስለዚህም ነው ጆሮ የሚያስፈልገው።

ቀና ስትል ረጅሟ ሰዓቷን ማየት ትታለች። የራዳርን ጣት ነው የምታየው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፅ አልመጣም። ራዳር እ? አለች። ረጅሟ አልደገመችም። የእህትየዋን አንጓ ከፍ አድርጋ ራዳር ፊት አመጣችውና፣ በራሷ ጣት እዚያ የምታገኘውን ምት አንጓው ላይ መምታት ጀመረች። የራዳር ጣት አሁንም ብረቱ ላይ ነበር። ሁለቱ ጣቶች አብረው ወደቁ፣ አብረው ተነሱ። ራዳር ያን ሁሉ ሰዓት ስትቆጥር የነበረው የልጁን ልብ አልነበረም፤ የእናቱን ነበር።

ማዳመጫውን ወደ ግራ ወሰደችው። ከእምብርቱ በታች አደረገችው። ምንም የለም። አገኘሁት ብትል ረጅሟ ትቀበላት ነበር፤ በዚያ ክፍል የራዳርን ጆሮ የሚጠራጠር የለም። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። እህቷ ዓይኗን ገልጣ፣ ምንም ሳትጠረጥር እያየቻት ነበር።

"አልሰማም" አለች ራዳር።

እህቷ ከትራሱ ተነሳች። "ሞተ? እንደገና ሞተብኝ?"

"እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም።"

ይህን ያለችው በዚያ በለመደችው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ግን ክፍሉ ጭር ያለ ስለነበር ሁለቱም በደንብ ሰሟት። ረጅሟ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሳጥኑን አወጣች፤ ፕላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። የመሣሪያው ጫፍ ሆዱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ራዳርም ሰማችው። ልቡ አለ። ግን የደከመው ሰው ደረጃ እንደሚወጣ እያረፈ፣ እያረፈ ነው የሚመታው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሩጫ ሆነ፤ ሐኪሙ ተጠራ፣ አልጋው ተገፋ፣ የቀዶ ጥገናው በር ተዘጋ። ራዳር ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ረጅሟ ወጥታ ትከሻዋን ይዛ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ ከንፈሯን እያሳየቻት እስክትነግራት ድረስ ልጁ ማልቀሱን አላወቀችም። ከበሩ ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የራቀችው።

እህቷ ስታገግም ብዙ አልጮኸችባትም፤ ብትጮህ ይሻላት ነበር። ልጇን አቅፋ፣ ከመቼ ጀምሮ አለቻት። ራዳር ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ክሊኒኩንም፣ የዋሸችውንም፣ ዛሬ ነገ እያለች የተወችውንም። እህቷ ልጁን አስተካክላ ያዘችና ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"እንግዲያ ሳትሰሚ ያዳመጥሽው እኔን ብቻ ነው?"

ራዳር ይህን ጊዜ ሰምታ ነው ዝም ያለችው። እህቷም ይህን አውቃለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለዋናው ሐኪም ራሷ ሄዳ ነገረችው። ከማዳመጥ አነሷት፤ ሳጥኑ ከቁም ሣጥን ወጥቶ የክፍሉ ንብረት ሆነ። ለቀኝ ጆሮዋ የቀዶ ጥገና ተራ ያዘች፤ እስከዚያው ግራው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አደረገች። ባሏ መሣሪያውን መጀመሪያ ያየ ቀን የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ እና ጥርሴን ቆጠርሽው ወይ አላት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እሱም ያኮረፈባቸውን ቀኖች ሁሉ አስቦ ይመስላል፣ ያን ቀን ወደ ስፌቱ አልተመለሰም።

እናቷን ይዛ ወደ ጆሮ ሐኪሟ የተመለሰችው ያኔ ነው። እናትዎ ደህና ነች ብለውኝ አልነበር አለች ሐኪሟ፤ ራዳር አንገቷን ደፋች። ሐኪሟ ያንኑ ሹካ መሳይ ብረት መትታ ከአሮጊቷ ጆሮ ኋላ አሳረፈችው። አሮጊቷ ደንግጣ እጇን ወደ አጥንቱ ሰደደች፤ እስኪ ድገሚው አለች። ተደገመላት። አሁንም ድገሚው አለች። ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ አድርገውላት፣ ርካቧን፣ መስኮቱን፣ ከየወሊዱ ጋር እየባሰ መሄዱን ሐኪሟ ስታስረዳት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስተኝታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ኩራት አልነበረም ማለት ነው፣ በሽታ ነበር ማለት ነው ብላ ጠየቀች። አዎ አሏት። አሮጊቷ ወደ ራዳር ዞረች።

"አባትሽ ይሄን ሳይሰማ ሞተ" አለች። ራዳር እናቷን ደግፋ ወደ ቤት ወሰደቻት።

በማግሥቱ ጠዋት አጣቢዋ ጋውኑን ይዛ እስክትመጣ ራዳር አልጠበቀችም። እሷው ወረደች። የልብስ ማጠቢያው ቤት ከመሬት በታች ነው፤ ትላልቆቹ መኪኖች ግድግዳውን እያንቀጠቀጡ ይዞራሉ፣ ውኃው ይንዶቀዶቃል፣ እንፋሎቱ ያፏጫል። እዚያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያወራው እየጮኸ ነው። መሣሪያው እዚያ ጫጫታውን ብቻ አጎላባት፤ ራዳር አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

አጣቢዋ ስታያት ፊቷ በራ፤ ሲስተር፣ ምን እግር ጣለዎት አለቻት። አንሶላ እያጣጠፈች ነበር። አንሶላ ለብቻ አይመችምና አንዱን ጫፍ ለራዳር አቀበለቻት፤ ሁለቱም ወጥረው ያዙት። ራዳር ጫፉን እንደያዘች ጀመረች። ያን እሁድ የልጅሽ ልብ ይመታል ያልኩሽ ሰምቼ አልነበረም አለች። በዚያ ጭር ባለ ክፍል ውስጥ እኔ መስማት አልችልም ነበር፤ አላወቅኩም፣ ወይም ማወቅ አልፈለግኩም። የቆጠርኩት ያንቺን ልብ ሊሆን ይችላል። ልጅሽ ሌላ ሰው ቢያዳምጠው ይተርፍ ነበር ወይ ብትይኝ አላውቅም፤ ይተርፍ ይሆናል፣ ላይተርፍም ይችላል፤ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እንዲህ ብላ ጨረሰችና ስድቡን ጠበቀች።

አጣቢዋ አልተሳደበችም። ጫፏን ይዛ ወደ ራዳር መጣች፣ አንሶላው ለሁለት ታጠፈ፤ ተመለሰች፣ እንደገና መጣች፣ ለአራት ታጠፈ። ከእጇ ተቀብላ ክምሩ ላይ አስቀመጠችው፣ መዳፏን እላዩ ላይ አሳልፋ አለሰለሰችው። ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

"እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር" አለች በመኪኖቹ ላይ ጮክ ብላ። "አልጋው ላይ ሆኜ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም አልኩዎት። ቀና ብለውም አላዩኝ። ደግሜ ነገርኩዎት። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር፣ መጮህ አፈርኩ።"

ራዳር አንድ እርምጃ ቀረበቻት።

"ሰምተው ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር" አለች አጣቢዋ። "እሷ ዝም ካለች ደህና ነው ብዬ፣ እኔም ዝም አልኩ።"

መኪኖቹ ሁሉ እየዞሩ ነበር፤ ራዳርም አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች።